አገዳው የታለ?

የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ፣ እያንዳንዳችን አንድ የውጭ አገር መርጠን በትልቅ ወረቀት ላይ ፖስተር እንድናዘጋጅና በክፍል ፊት ቆመን እንድናስረዳ ታዘዝን። እኔ ሆላንድን መረጥሁ። የነፋስ ወፍጮ ከመጽሐፍ ገለበጥሁ፤ ቱሊፕ አበባና ጥቁርና ነጭ ላም ሣልሁ፤ ሰንደቅ ዓላማውን በቀይ፣ በነጭና በሰማያዊ ቀባሁ፤ ከግርጌው «ዋና ከተማ አምስተርዳም» ብዬ ጻፍሁ። ከአሥር አሥር አገኘሁ።

ፖስተሩን ጠቅልዬ ወንጂ ወዳለው ቤታችን ወሰድሁት። አያቴ በጉልምስናቸው ለሆላንዶቹ ኩባንያ አገዳ ሲቆርጡ የኖሩ ሰው ናቸው። ወረቀቱን ትክ ብለው አዩና፣ «ጎሽ ልጄ፣ አምሮበታል፤ አገዳው የታለ?» አሉኝ። መልስ አጣሁ።

ይህን የልጅነት ነገር ዛሬ ማንሳቴ ያለ ምክንያት አይደለም። ባለፈው ክረምት አዳማ ውስጥ በበጎ ፈቃድ ለማስተማር በገባሁበት ክፍል፣ ያችው የነፋስ ወፍጮ ግድግዳ ላይ ተለጥፋ ቆየችኝ። የሣላት ልጅ ሌላ ነው፤ ሥዕሉ ግን ያው ነው።

ወንጂ ከአዳማ አሥር ኪሎ ሜትር ያህል ብትርቅ ነው። በ1946 ዓ.ም. ሥራ የጀመረውን የወንጂን ስኳር ፋብሪካ ያቋቋመው ኤች.ቪ.ኤ. የተባለው የአምስተርዳም ኩባንያ ነበር። ይህ ኩባንያ ቀድሞ በኢንዶኔዥያ ሰፊ እርሻ ነበረው። ኢንዶኔዥያ ነፃነቷን ስታገኝ ፊቱን ወደ አዋሽ ሸለቆ አዞረ። ፋብሪካው በ1967 ዓ.ም. እስኪወረስ ድረስ የወንጂ ሰው ኑሮ ከሆላንድ ጋር የተሳሰረ ነበር። ታዲያ በአዳማ ክፍል የተሰቀለ የሆላንድ ፖስተር አንዲት አገዳ ሳይኖርበት እንዴት ሙሉ ነው ይባላል?

ነገሩ የጥንት ታሪክ ብቻም አይደለም። በባቱ፣ በቀድሞ ስሟ በዝዋይ፣ ሐይቁ ዳር ሆላንዳውያን የመሠረቱት የጽጌረዳ እርሻ አለ። አበባው በአውሮፕላን ወደ ሆላንድ ይላካል። እናቷ አበባ ስትለቅም የምትውል ልጅ፣ ሆላንድን ስትሥል ባላየችው ቱሊፕ ትጀምራለች። በሻሸመኔም ተማሪው ጃማይካን በባሕር ዳርቻና በዘንባባ ይሥላል፤ ጃማይካ ሰፈር ግን እዚያው ከተማው ውስጥ ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በሰጡት መሬት ላይ ከባሕር ማዶ የመጡ ሰዎች ቤት ሠርተው፣ ልጆች ወልደው ይኖሩበታል። ስለ ጅቡቲማ ምን እላለሁ! የጅቡቲ ባቡር በአዳማ በኩል ያልፋል፤ ጅቡቲን የሚሥል ልጅ ግን እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም። ምናልባት ጅቡቲ «ውጭ አገር» ለመባል በጣም ቀርባ ይሆናል።

ወንድሞቼና እህቶቼ፤ ብዙዎቻችን ከዚህ ወጥተን መምህራን የምንሆን ነን። እንዲህ ያለው ፖስተር ለልጁ የሚነግረው ዓለም ሌላ ቦታ እንዳለችና እርሱ ከሩቅ ሆኖ የሚያያት ተመልካች ብቻ እንደሆነ ነው። የአያቱ ላብ የገባበትን ሒሳብ ሳያውቅ ያድጋል። ውጭ አገር ማለት የሚያምር ሥዕል ነው ብሎ ያደገ ልጅ ደግሞ ነገ ደላላው ሌላ የሚያምር ሥዕል ሲያሳየው ምን ብሎ ይጠይቃል?

«የውጭ አገር ትምህርት ልጁን ከሰፈሩ እንዲያወጣው ነው፤ አንተ ግን ወደ ሰፈሩ ትመልሰዋለህ» የሚለኝ ይኖራል። ቁም ነገር አለው። ነገር ግን እኔ ያልሁት ከሰፈሩ ይነሣ ነው። ከወንጂ የተነሣ ልጅ አምስተርዳም ይደርሳል፤ ከአምስተርዳምም ኢንዶኔዥያ ይሻገራል። ከመሬቷ ሩብ ያህሉ ከባሕር ወለል በታች የሆነች አገር ውኃን በግድብና በቦይ መግራት እንዴት እንደተማረች ይጠይቃል። ያን ጊዜ የነፋስ ወፍጮዋም ትርጉም ታገኛለች፤ ውኃ ማውጫ ነበረችና። ሆላንድን ለማመስገንም ሆነ ለመውቀስ መጀመሪያ ማወቅ ይቀድማል።

አሠራሩም አያስቸግርም። ከአገሩ ስም በታች አንድ ጥያቄ በትልቁ ይጻፍ፦ «ሆላንዶች ወንጂ ምን አመጣቸው?» ከመካከል ካርታ ይሁንና ከዚያ አገር እስከ ልጁ ከተማ መሥመር ይሰመር። ሥዕሉ ከሦስት አይብለጥ፤ ጽሑፉም ከኋላ ወንበር የሚነበብ ይሁን። ከአባት፣ ከአክስት ወይም ከጎረቤት የተሰማ አንድ ነገር ይጨመርበት። ሲያቀርብም ጀርባውን ለክፍሉ ሰጥቶ ወረቀቱን ማንበቡ ይቅር፤ ፊቱን አዙሮ «ከእናንተ መካከል ይህን አገር በምን የሚያውቀው አለ?» ብሎ ይጀምር። መምህሩም ማርኩን ለቀለሙ ማማር ሳይሆን ልጁ ለተጠየቀው ለሰጠው መልስ ይስጥ።

እንግዲህ ክረምት ሲመጣ ወደየከተማችን መመለሳችን አይቀርም። ክፍል ገብተን የተለጠፈ ፖስተር ስናይ፣ አያቴ የጠየቁኝን እኛም ልጆቹን እንጠይቃቸው። እኔ የዚያን ቀን አያቴን መልሼ «እስቲ ይንገሩኝ» ብዬ ብቀመጥ ኖሮ፣ ያን ከአሥር አሥር በእውነት ይገባኝ ነበር።