«ሲስተም የለም» ሲባል፦ የጋራ ሰርቨርና የተገልጋዩ ጊዜ

ተገልጋይ በአንድ መስኮት «ሲስተም የለም» ሲባል በአጎራባቹ መስኮትም ተመሳሳይ መልስ የሚያገኘው ስለምንድን ነው? ወጪ ለመቆጠብ ሲባል የራሳቸው ሐርድ ዲስክ የሌላቸው፣ ቲን ክላየንት የሚባሉ ኮምፒውተሮች ከአንድ የሊኑክስ ሰርቨር ጋር ይገናኛሉ። የቢሮ ሶፍትዌሩ የሚሠራው በሰርቨሩ ላይ በመሆኑ ጥገናው በአንድ ቦታ ይከናወናል፤ ብልሽቱ ግን የሁሉም ይሆናል።

ባለሙያው የችግሩን መነሻ የሚለየው ከስፋቱ ነው። አንድ ኮምፒውተር ብቻ ካልተነሣ ገመዱን፣ ሁሉም ካልተነሡ የኔትወርክ አድራሻ የሚያድለውን አገልግሎት፣ ሁሉም ተነሥተው ከተንቀራፈፉ የሰርቨሩን ሜሞሪ አስቀድሞ ይፈትሻል። አንድ ሰነድ ብቻ «ተቆልፏል» ካለ ሌላ ሠራተኛ ከፍቶት፣ አለዚያም ሊብሬኦፊስ በድንገት ሲዘጋ የቁልፍ ፋይሉ ሳይሰረዝ ቀርቶ ሊሆን ይችላል።

ጉዳዩ ግን የቴክኒክ ብቻ አይደለም። የጀርመኗ ሙኒክ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2003 ወደ ሊኑክስ ለመሸጋገር ወስና 15 ሺህ ገደማ ኮምፒውተሮችን ካዛወረች በኋላ፣ በ2017 ወደ ዊንዶውስ ለመመለስ ወሰነች። በዚያው አገር የሽሌስቪግ-ሆልስታይን ግዛት በበኩሏ እ.ኤ.አ. በ2024 30 ሺህ ያህል ኮምፒውተሮችን ወደ ሊብሬኦፊስ እንደምታዛውር አስታወቀች። የውሳኔዎቹ መለያየት የሶፍትዌር ምርጫ ብቻውን ዋስትና አለመሆኑን ያመለክታል። ተገልጋዩን ከመጉላላት የሚያድኑት መጠባበቂያ ሰርቨር፣ የሠለጠነ ባለሙያና ሲስተም ሲቋረጥ ማመልከቻን በወረቀት ተቀብሎ የሚመዘግብ አሠራር ናቸው።

ስለዚህ ክቡራን ተገልጋዮች፣ ሲስተም ተቋርጧል ስትባሉ ችግሩ የመስኮቱ ወይስ የመሥሪያ ቤቱ በሙሉ እንደሆነ ጠይቁ፤ ማመልከቻችሁ የቀረበበት ቀን በጽሑፍ እንዲመዘገብላችሁም አሳስቡ።