አሮጌ የመለኪያ መሣሪያ ሲገዛ



በምሠራበት መሥሪያ ቤት የግዥ ኮሚቴ አባል ሆኜ ያየሁትን ነገር ሌሎችም የመንግሥት ሠራተኞች ቢሰሙት ይጠቅማል ብዬ ስለ አሰብኩ፥ ይህችን ማስታወሻ በአንባብያን ዓምድ እንዲያወጡልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

ጉዳዩ የክትባት ማቀዝቀዣዎች ቴርሞሜትር ትክክል መሆኑ የሚመረመርበትን መሣሪያ ይመለከታል። የአዲሱ ዋጋ ስለ ከበደብን፥ በውጭ አገር ላቦራቶሪ ሲያገለግል የኖረ አሮጌ ዕቃ ተገዛ። በዚህ አልተቃወምኩም፤ ዛሬም አልቃወምም። ፈሳሹን እያማሰለ ሙቀቱን በአንድ ደረጃ የሚያቆየው ገንዳ፥ ሞተሩና ማሞቂያው ደኅና ከሆኑ፥ ብዙ ዘመን ይሠራል። ጣጣው ያለው አብሮት በሚመጣው የፕላቲኒየም ቴርሞሜትር ላይ ነው። በውስጡ ያለው ሽቦ እጅግ ቀጭን ስለሆነ፥ በመንገድ ቢወድቅ ወይም ቢንገጫገጭ ንባቡ ሊለወጥ ይችላል፤ ከውጭ ግን ጭረት እንኳ አይታይበትም።

«የምስክር ወረቀት አለው እኮ» ተባልኩ። አለው፤ ነገር ግን ወረቀቱ የሚመሰክረው ለተለካበት ቀን ነው። ከዚያ ወዲህ ዕቃው ባሕር ተሻግሯል።

አንድ ባልደረባችን በፈላ ውሃ እንፈትነው አሉ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች፥ ውሃ የሚፈላባት በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ መሆኑን ዘንግተውት ነበር፤ በዚህ ፈተናማ ደኅናውም ቴርሞሜትር በወደቀ። በመጨረሻ ከተጣራ ውሃ የተሠራ በረዶ ተፈጭቶ፥ በጥቂት ውሃ ርሶ፥ በቴርሞስ ታጨቀ። ዜሮ ማንበብ የሚገባው ቴርሞሜትር 1.6 አነበበ።

ትንሽ ስሕተት ናት የሚል አይጠፋም። ክትባት የሚቀመጠው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ነው። በዚህ መሣሪያ የታረመ ማቀዝቀዣ 2 ሲል፥ እውነቱ ከ1 ዲግሪ በታች፥ ለበረዶ የቀረበ ነው። እንደ ጉበት ክትባት (ሄፓታይተስ ቢ) ያለው ደግሞ አንድ ጊዜ በረዶ ከሆነ በኋላ ቢቀልጥም ኃይሉ አይመለስለትም፤ ነርሷም በዓይን አይታ ላትለየው ትችላለች።

የምለምነው ብዙ አይደለም። አሮጌ የመለኪያ ዕቃ ለጨረታ ሲቀርብ፥ በሥነ ልክ ኢንስቲትዩት ለካሊብሬሽን የሚከፈለው ገንዘብ በዋጋ ማወዳደሪያው ላይ አብሮ ይደመር። ርካሽ መሆኑ ያን ጊዜ ይታያል። ተረካቢውም የበረዶው ፈተና ሳይደረግ አይፈርም። በእኛ ዘንድ ሞዴል 19 የተቆረጠው በረዶው ከመፈጨቱ 11 ቀን አስቀድሞ ስለ ነበረ፥ ሻጩን የሚጠይቅ አልተገኘም።

ከአንድ የመንግሥት ሠራተኛ
አዲስ አበባ