ባቡሩ ሲያልፍ የሚቀረው መንገደኛ

ስለ ምድር ባቡር በተነጋገርን ቁጥር ቀድሞ ወደ አሳባችን የሚመጣው ወደቡና ዕቃው ነው። አገሪቱ ከውጭ የምታስገባውና ወደ ውጭ የምትልከው ንብረት አብዛኛው በጅቡቲ በኩል የሚተላለፍ ስለሆነ ይህ አያስደንቅም። ነገር ግን ባቡሩ ከአንዱ ታላቅ ከተማ ተነሥቶ ወደ ሌላው ሲገሠግሥ በመካከሉ ሕዝብ አለ፤ ጠዋት ወደ ሥራ፣ ወደ ትምህርት ቤት፣ ወደ ገበያ ወይም ወደ ሐኪም ቤት ሄዶ ማታ ወደ መንደሩ የሚመለስ ሕዝብ ነው። ዛሬ ልንመረምር የፈለግነው የዚህን መንገደኛ ጉዳይ ነው፤ ምክንያቱም ትርፍና ኪሣራ በሚዛን በሚቀመጥበት ጊዜ ከሁሉ ቀልሎ የሚገኘው እርሱ ነው።

በዚህ ነገር ብዙ የተማረች፣ ለትምህርቷም ብዙ የከፈለች አገር ታላቋ ብሪታንያ ናት። እ.ኤ.አ. በ1963 የብሪታንያ ምድር ባቡር ቦርድ ሊቀ መንበር የነበሩት ዶክተር ሪቻርድ ቢችንግ ስመ ጥሩውን፣ ለብዙዎችም ስመ ክፉውን ሪፖርታቸውን አወጡ። ከጠቅላላው የሐዲድ ርዝመት ሲሶው የሚያጓጉዘው ከመንገደኛው ጉዞ ከመቶ አንዱን ብቻ መሆኑን በቁጥር አስረዱ፤ ስለዚህም 2363 ጣቢያዎችና 8000 ኪሎ ሜትር ያህል ሐዲድ እንዲዘጋ አሳሰቡ። ከታሰበው ጥቂቱ በሕዝብ ጩኸት ቢድንም አብዛኛው ተዘጋ።

ቁጥሩ ሐሰት አልነበረም። ጉድለቱ የነበረው ከቁጥሩ በተወሰደው ፍርድ ላይ ነው። የመንደር ሐዲድ ለዋናው መስመር ገባር ወንዝ ማለት ነው፤ ገባሩን በየብቻው ብንሰፍረው ውሃው ጥቂት ነው፤ ገባሮቹ ሁሉ ሲደርቁ ግን ታላቁም ወንዝ ይጎድላል። መንደርተኛው በአውቶቡስ እስከ ዋናው ጣቢያ ሄዶ ከዚያ ባቡር ይሣፈራል ተብሎ ታስቦ ነበር። እርሱ ግን እንደ ታሰበለት አላደረገም፤ መኪና መግዛት የቻለው በመኪናው እስከ መጨረሻው ሄደ፤ ያልቻለው ከቤቱ ቀረ። በሐዲዱ ምትክ የተመደቡት አውቶቡሶችም ብዙዎቹ ብዙ ሳይቆዩ ቀሩ። እ.ኤ.አ. በ1968 የወጣው ሕግ ትርፍ ባይሰጥም ለሕዝብ የሚያስፈልገውን መስመር መንግሥት ኪሣራውን እየከፈለ እንዲያቆየው ፈቀደ። ለብዙዎቹ መስመሮች ግን ይህ የደረሰው ከቀብር በኋላ ነው። ከኤዲንበርግ ወደ ደቡብ ይወርድ የነበረው ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1969 ተዘግቶ፣ ከ46 ዓመት በኋላ እ.ኤ.አ. በ2015 በከፊል እንደ ገና ተሠርቶ ተከፈተ። የነቀሉትን መልሶ መትከል ምን ያህል እንደሚያስወጣ ለወጣት ኢኮኖሚስቶቻችን እንተወዋለን።

አገልግሎት የሚቋረጠው ግን ጣቢያ በመዝጋት ብቻ አይደለም። በሰሜን ምዕራብ እንግሊዝ ከኦክሰንሆልም እስከ ዊንደርሚር የሚደርስ 16 ኪሎ ሜትር ያህል የሆነ አጭር መስመር አለ፤ በርንሳይድና ስቴቭሊ የሚባሉትን ትንንሽ መንደሮች የሚያገለግል ነው። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2018 አዲስ የጉዞ ሰሌዳ በወጣ ጊዜ የባቡር ነጂዎቹ በቂ ልምምድ አላገኙም ነበር፤ ምክንያቱም በሌላ ሥፍራ፣ በማንቸስተር አቅራቢያ፣ ሐዲዱን በኤሌክትሪክ የማሠራቱ ሥራ ዘግይቶ ኖሮ ነው። ነጂ ሲጠፋ ኩባንያው በሰኔ ወር መጀመሪያ የዚህን የመንደር መስመር ባቡር በሙሉ አቁሞ አውቶቡስ ተካ። አንባቢያችን እዚህ ላይ ልብ ይበል፤ ጥፋቱ የተፈጠረው በከተማ ነው፤ ዕዳውን የከፈለው ግን መንደር ነው። ነጂ ባነሰ ጊዜ በቅድሚያ የሚታጠፈው ጥቂት ሰው የሚጮህበት መስመር ነውና።

እንግዲህ ወደ አገራችን እንመለስ። ከጅቡቲ የተነሣው አሮጌው ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ፤ በ1909 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ ገባ። ርዝመቱ 784 ኪሎ ሜትር፣ ስፋቱ አንድ ሜትር ነበር። አቃቂ፣ ዱከም፣ ቢሾፍቱ፣ ሞጆ፣ አዳማ፣ ወለንጪቲ፣ መተሐራ፣ አዋሽ፣ ሚኤሶ፣ አፍደም፣ ኤረር እያለ ይቆም ነበር። ባቡሩ በቆመበት ሁሉ ሻይ፣ ወተት፣ ፍራፍሬ የሚሸጥ ሰው ይሰበሰብ ነበር፤ ከዚህም ገበያ፣ ከገበያውም ከተማ ይወለድ ነበር። ድሬዳዋ ራሷ የዚሁ ሐዲድ ልጅ ናት።

ይህን ስንል አሮጌውን ባቡር ለማመስገን ብቻ አይደለም። በመጨረሻው ዘመኑ አዝጋሚና አስተማማኝነት የጎደለው ሆኖ ነበር፤ በ1977 ዓ.ም. በአዋሽ አጠገብ በደረሰው አደጋም ከ400 የሚበልጥ ሰው አልቋል። በ2000 ዓ.ም. ገደማ ወደ አዲስ አበባ መምጣቱ ሲቀር ሐዲዱ አርጅቶ ነበር። የቆመው አሮጌ ብረት ነው፤ የመንገደኛው ችግር ግን አላረጀም።

መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ መስመር በኤሌክትሪክ የሚሠራ፣ ስፋቱ 1435 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ የመንገደኛ ባቡሩ በሰዓት እስከ 120 ኪሎ ሜትር እንዲሮጥ የታቀደ ነው። የታሰበው በቅድሚያ ለጭነት ነው። ጣቢያዎቹም ከከተሞቹ ወጣ ብለው ተሠሩ። ለገሃር ከአዲስ አበባ እምብርት ላይ ነበረች፤ የፉሪ ለቡ ጣቢያ ግን በከተማው ዳር ነው፤ የድሬዳዋውም እንዲሁ ከከተማው ይርቃል። የመንገደኛው ባቡር ጥቂት፣ የሚቆምበትም ሥፍራ ጥቂት ነው። ከሐዲዱ ዳር የሚኖረው አርብቶ አደር ባቡሩን የሚያውቀው ሊሣፈርበት ሳይሆን ከብቱንና ግመሉን ሲገጭበት፣ ስለ ካሣም ሲከራከር ነው። አንድ ሕዝብ ከአንድ ታላቅ ሥራ የሚደርሰው ጉዳቱ ብቻ ከሆነ፣ ሐዲዱን እንደ ዐይኑ ብሌን እንዲጠብቅ መጠየቅ ከባድ ነው።

አንዳንድ ሰዎች ይህን በሰሙ ጊዜ፣ ባቡር በየመንደሩ ይቁም ማለት የአገርን ንግድ ማሰናከል ነው ይላሉ። ከአዳማ ወዲያ ያለው ሐዲድ ነጠላ ስለሆነ ክርክራቸው በዚያ በኩል ክብደት አለው፤ አንዱ ባቡር በቆመ ቁጥር ሌላው ማሳለፊያ ሥፍራ ላይ መጠበቅ አለበት። ነገር ግን ከሰበታ እስከ አዳማ ያለው 115 ኪሎ ሜትር ያህል ድርብ ሐዲድ ነው። ድርብ ሐዲድ የተዘረጋው መመላለሻ እንዲበዛ ነው። ከአዳማ፣ ከሞጆና ከቢሾፍቱ ወደ አዲስ አበባ በየማለዳው የሚመላለሰውን ሠራተኛና ተማሪ የሚጭን አጭር ባቡር በዚህ ላይ ቢሠማራ፣ የጭነቱን መንገድ ይዘጋል የሚለው ክርክር እምብዛም አያሳምነንም። ለነጠላው ሐዲድ ደግሞ በየዕለቱ ባይሆን በገበያ ቀን ብቻ በመተሐራ፣ በሚኤሶና በአፍደም የሚቆም ባቡር መሞከር ይቻላል።

ኪሣራ አይኖርም አንልም፤ ይኖራል። ኩባንያው የኢትዮጵያና የጅቡቲ መንግሥታት ንብረት ሆኖ ከመቶ 75 እጁ የኢትዮጵያ ነው፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የሥራው አመራር ከቻይና ኩባንያዎች ወደ ሁለቱ አገሮች ተላልፏል። ስለዚህ ኪሣራው ምን ያህል እንደሆነና ማን እንደሚሸፍነው በግልጥ ተጽፎ መወሰን የሚችለው እዚሁ ነው። በጭነቱ ሒሳብ ውስጥ ተደብቆ የሚኖር የመንገደኛ ኪሣራ፣ ገንዘብ ባነሰ ቀን ያለ ጠያቂ የሚሠረዝ ነው። ከጣቢያ እስከ ከተማ የሚያደርሰውም አውቶቡስ ከባቡሩ ሰዓት ጋር ካልተያያዘ ባቡሩ ባዶውን ይመላለሳል፤ ከዚያ በኋላ ያው የዶክተር ቢችንግ ሠንጠረዥ ይቀርብና መንገደኛ የለም ይባላል። ስለዚህ በሙከራው የመጀመሪያ ዓመት መቆጠር የሚገባው የተሣፈረው ሰው ብቻ አይደለም፤ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ ጣቢያ ለመድረስ ፈልጎ መጓጓዣ ያጣውም ሰው አብሮ ይቆጠር።