ነጭ አሣ አንድ ነው ወይስ ብዙ?



ቆላ ድባ ገበያ ወጥተን ከጣና የመጣውን አሣ ምንነት ብንጠይቅ ቀረሶ፣ አምባዛና ነጭ አሣ እንባላለን። ለመሆኑ ነጭ አሣ የምንለው አንድ ዝርያ ነውን? ይህ ጥያቄ ሊቃውንቱን ከ160 ዓመታት በላይ ሲያከራክር ቆይቷል።

ነገሩ የሚጀምረው ጀርመናዊው ተጓዥ ኤድዋርድ ሩፔል እ.ኤ.አ. በ1832 ጎንደር ከገባ በኋላ ነው። ከጣና የሰበሰበውን ነጭ አሣ አመሳክሮ በበርካታ ዝርያዎች ከፈለው። በ1973 ግን ባኒስተር የተባለ ተመራማሪ፣ መልካቸው ቢለያይም አንድ ዝርያ ናቸው ብሎ ጠቀለላቸው።

ተመሳሳይ ታሪክ በባሕርም ተፈጽሟል። ሩፔል ከባልደረባው ከሎይካርት ጋር ዛጎል የለሽ የሆነ ቀይ የባሕር ቀንድ አውጣን ከቀይ ባሕር ለሳይንስ አስተዋውቆ ነበር። ይህ ፍጡር ሲዋኝ የገላውን ጠርዝ እንደ ቀሚስ ያርገበግባል። ከቀይ ባሕር እስከ ሰላማዊ ውቅያኖስ ያሉት ዘመዶቹ ለረጅም ጊዜ እንደ አንድ ዝርያ ሲቆጠሩ ኖረው፣ በ2023 የወጣ የዲ.ኤን.ኤ. ጥናት ግን ብዙ መሆናቸውን አሳየ።

ወደ ጣና እንመለስ። በ1990ዎቹ ናግልከርከና ሲቢንግ የተባሉ የሆላንድ ተመራማሪዎች የነጭ አሣን አፍ፣ ምግቡንና የሚኖርበትን ጥልቀት መረመሩ። አንዱ በወፍራም ከንፈሩ ከድንጋይ ሥር ነፍሳት ይለቅማል፤ ሌላው አፉን ከፍቶ ትናንሽ አሣዎችን ያሳድዳል። በ2000 ባወጡት ሥራ 15 ዝርያዎችን ለዩ። ከእነዚህ ስምንቱ፣ በመንጋጋቸው ላይ አንድም ጥርስ ሳይኖራቸው፣ አሣ በል ናቸው!

«ታዲያ ስሙ ቢበዛ ወይም ቢያንስ ለእኛ ምን ይፈይዳል?» የሚል አይጠፋም። ይፈይዳል እንጂ! ከነጭ አሣ ብዙው በክረምት እንቁላሉን ለመጣል እንደ መገጭና ጉማራ ወዳሉ ወንዞች ይወጣል። መረቡ ደግሞ የሚዘረጋው በዚያው በወንዙ አፍ ላይ ነው። ከ1991-93 እስከ 1999-2001 ባለው ጊዜ የነጭ አሣ ብዛት በ75 በመቶ ማሽቆልቆሉን ጥናት አረጋግጧል። ሁሉም በአንድ ስም ከተመዘነ፣ አንዱ ዝርያ ጨርሶ ቢጠፋ እንኳ ሌላው ሚዛኑን ስለሚሞላ የጎደለውን የሚያውቅ አይኖርም። አብዛኞቹ ደግሞ ከጣና በቀር ሌላ አገር የላቸውም፤ እዚህ ከጠፉ ከዓለም ጠፉ ማለት ነው።

እናንተ የደምቢያ ወጣቶች! ቤተሰብ አሣ ሲገዛ ከመበለቱ በፊት አፉን፣ ከንፈሩንና ጭንቅላቱን አስተውሉ፤ ልዩነቱን ለታናናሾቻችሁ አሳዩ። በወንዝ አፍ መረብ የሚጥል ዘመድ ካላችሁም፣ አሣው እንቁላሉን እስኪጥል እንዲታገሠው በትሕትና ምከሩት። ለይቶ ያላወቁትን መጠበቅ አይቻልምና።