የወሩ ቅዳሴና የዓመቱ ቡና፤ የጅማና የአካባቢዋ አጥቢያዎች ፈተና

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የአንድ አጥቢያ ቤተ ክርስቲያን ሕይወት የሚመላለሰው በወር ነው። በ12 ቅዱስ ሚካኤል፣ በ16 ኪዳነ ምሕረት፣ በ19 ቅዱስ ገብርኤል፣ በ21 እመቤታችን፣ በ23 ቅዱስ ጊዮርጊስ፣ በ27 መድኃኔዓለም፣ በ29 በዓለ ወልድ ይታሰባል። ታቦቱ ባለበት አጥቢያ በዕለቱ ቅዳሴ ይቀደሳል፤ ወንጌል ይሰበካል። የጽዋ ማኅበርተኞች በተረኛው ቤት ተሰብስበው ጸሎት አድርሰው ጽዋውን ለቀጣዩ ተረኛ ያስረክባሉ። ለነዳያን ጠበል ጸዲቅ ይቀርባል። በሥራ ብዛት ወይም በመንፈስ ድካም ከሰንበት ቅዳሴ የራቀ ምእመን እንኳ የወሩ በዓል ሲደርስ ነጠላውን አጣፍቶ ወደ ቤተ ክርስቲያን ይመጣል። ስለዚህ ወርኃዊው በዓል የራቀውን ወደ ቤቱ የሚመልስ ታላቅ በር ነው።

በጅማ ከተማና በአጋሮ፣ በሊሙ ገነት፣ በየቡ፣ በጌራና በመሳሰሉት የቡና አካባቢዎች ያሉ አጥቢያዎችም የሚኖሩት በዚሁ ሥርዓት ነው። ይሁን እንጂ አገልግሎቱን በአሥራቱና በስጦታው የሚደግፈው ምእመን ገቢ በወር አይመጣም። የብዙው ኑሮ በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ በቡና ላይ የቆመ ነው፤ ገበሬው፣ ነጋዴው፣ ሹፌሩ፣ ሱቅ ያለው፣ የቀን ሠራተኛው ሁሉ ቡና ሲደርስ እጁ ይረጥባል፤ ቡና ሲያልቅ እጁ ያጥራል። አገልግሎቱ በየወሩ፣ ገቢው በዓመት አንድ ጊዜ መሆኑ በአካባቢው የሚገኙ አጥቢያዎችን ከሚፈትኗቸው ነገሮች አንዱ ነው። ይህ ጽሑፍ ፈተናው ከየት እንደሚመነጭና በአጥቢያ ደረጃ በምን ሊቃለል እንደሚችል ይመለከታል።

ቅዳሴ የሚበዛበት ወር፣ ገንዘብ የሚጠፋበት ወር

በጅማ አካባቢ ቡና በአብዛኛው የሚለቀመው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባሉት ወራት ነው። ገበሬው እሸቱን ለማጠቢያ ጣቢያ ቢያስረክብ ገንዘቡን ወዲያው ያገኛል፤ አድርቆ ጀንፈል ካደረገው ግን አቆይቶ በፈለገው ጊዜ ሊሸጠው ይችላል። ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት የብዙ ቤት ጎተራም ኪስም ባዶ ነው። አንዳንዱ ገበሬ ቡናው ገና በዛፉ ላይ ሳለ ከነጋዴ ይበደራል፤ ኅዳር ሲደርስ ከሚያገኘው ገንዘብ ከፊሉ ለዕዳ ይውላል።

አሁን የቤተ ክርስቲያንን ቀመር ከዚህ ጎን እናስቀምጠው። ጾመ ፍልሰታ ነሐሴ 1 ቀን ይገባል። በእነዚያ ሁለት ሳምንታት ሌሊት ሰዓታት ይቆማል፤ ውዳሴ ማርያም ይተረጎማል፤ ቅዳሴ በየዕለቱ ይቀደሳል፤ ሕፃናት ሳይቀሩ ይቆርባሉ። ለመገበሪያ የሚሆን ስንዴ፣ ዘቢብ፣ ዕጣንና ጧፍ ከሌሎች ወራት ይልቅ በብዛት የሚያስፈልገው በነሐሴ ነው ማለት ነው። በዚያው ወር ደግሞ የምእመኑ ኪስ እጅግ የሳሳ፣ የገጠሩ መንገድ በዝናብ የጨቀየ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ገንዘብ ሲኖር ደግሞ ምእመኑ ከለቀማውና ከገበያው ስለማይላቀቅ በቤተ ክርስቲያን የሚታየው ሰው ይቀንሳል። ስለዚህ የአጥቢያው ሙዳየ ምጽዋት ሕዝብ ሲበዛ ገንዘብ ያጣል፤ ገንዘብ ሲኖር ሕዝብ ያጣል።

የቡና ዛፍ ጠባይም ይታከልበታል። በአንዱ ዓመት እጅግ ያፈራ ዛፍ በቀጣዩ ዓመት ፍሬው ይቀንሳል። በበዛው ዓመት ገቢ ላይ ተመሥርቶ ሕንፃ የጀመረ ወይም አገልጋይ የቀጠረ ሰበካ ጉባኤ በቀጣዩ ዓመት ቃሉን ለመጠበቅ ይቸገራል።

ከመሬት ወደ ምእመናን እጅ

ይህ ጥያቄ በአያቶቻችን ዘመን በዚህ መልክ አልነበረም። ቤተ ክርስቲያን ለካህናቷ መተዳደሪያ የሚሆን መሬት ነበራት። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሆኖ ሲታወጅ ያ የገቢ ምንጭ ተቋረጠ። የእግዚአብሔር ቸርነት ሆኖ ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ በ1965 ዓ.ም. በብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ቴዎፍሎስ ዘመነ ፕትርክና ቃለ ዓዋዲ ወጥቶ ነበር። ካህናት፣ ምእመናንና የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች በጋራ የሚሳተፉበት ሰበካ ጉባኤ ባይቋቋም ኖሮ ብዙ አጥቢያዎች በዚያ ዘመን ምን ይሆኑ እንደነበር ማሰብ አያዳግትም። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የአጥቢያው ሕልውና ያረፈው በአባላቱ አስተዋጽኦ ላይ ነው። አባላቱ ቡና አምራቾች በሆኑበት አገር አስተዋጽኦውም የቡናን ጠባይ ይከተላል።

በዚህ ዘመን ደግሞ ነገሩ አዲስ መልክ ይዟል። ሀገራችን በ2017 በጀት ዓመት ከቡና ወጪ ንግድ ከ2.6 ቢሊዮን ዶላር በላይ አግኝታለች። የዓለም ገበያ ዋጋ ማደጉና በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን መደረጉ የቡናውን ዋጋ በብር ከፍ አድርጎታል። ቡና ያለው ሰው ከዚህ ተጠቅሟል። በቡና ከተማ በተወሰነ ደመወዝ የሚኖር ካህን ግን ከጥቅሙ ሳይካፈል የኑሮው ውድነት ብቻ ይደርሰዋል። በከተማው የቤት ኪራይና የእህል ዋጋ ሲጨምር የመሪጌታው፣ የቄሱና የዲያቆኑ ደመወዝ ባለበት ይቆማል፤ እርሱም በወቅቱ ከተከፈለ ነው። የቡና ዋጋ መልካም በሆነበት ዓመት አገልጋዩ ይበልጥ ሊቸገር መቻሉ ምእመናን ልብ ሊሉት የሚገባ ነገር ነው።

የከተማው ብዛትና የገጠሩ ጥቂትነት

በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ መሠረት በጅማ ከተማ ከነዋሪው 46.8 በመቶ የሚሆነው ኦርቶዶክሳዊ ነበር። በጅማ ዞን ግን ቁጥሩ 11.2 በመቶ ነበር። እነዚህ ሁለት ቁጥሮች የአካባቢውን አገልግሎት መልክ ያሳያሉ። በከተማው ብዙ ምእመናን፣ ብዙ ካህናትና የተደራጁ ሰንበት ትምህርት ቤቶች አሉ። በገጠሩ ግን ኦርቶዶክሳውያን በሙስሊም ወገኖቻቸው መካከል ተበታትነው በጥቂት አባወራዎች ብቻ አንድን ቤተ ክርስቲያን ተሸክመው ይኖራሉ። በአብዛኛው ዘመን ከጎረቤቶቻቸው ጋር በእድርና በጉርብትና ተዋድደው ኖረዋል። በ1999 ዓ.ም. መጀመሪያ በበሻሻ በምእመናን ላይ የደረሰው ግድያና የቤተ ክርስቲያን ቃጠሎ ደግሞ በቁጥር ያነሱ ምእመናን ጠያቂ ሲያጡ ምን ያህል ብቸኝነት እንደሚሰማቸው የሚያስታውስ ሐዘን ነው።

በሥርዓታችን ቅዳሴ ለመቀደስ ቢያንስ ሁለት ካህናትና ሦስት ዲያቆናት፣ በድምሩ አምስት ልዑካን ያስፈልጋሉ። ሃያ ወይም ሠላሳ አባወራ ያለው የገጠር አጥቢያ እነዚህን አምስት አገልጋዮች በራሱ አቅም ማኖር ይከብደዋል። አንዱ ካህን ቢታመም፣ አንዱ ዲያቆን ለትምህርት ወይም ለእንጀራ ፍለጋ ወደ ከተማ ቢሄድ ቅዳሴው ይታጎላል። መጀመሪያ የሰንበቱ ቅዳሴ ወደ ወርኃዊው በዓል ይወርዳል፤ ቀጥሎ ወርኃዊው ወደ ዓመታዊው ንግሥ ይወርዳል፤ በመጨረሻ በሩ ይዘጋል። የገጠር ቤተ ክርስቲያን በአንድ ቀን አይዘጋም፤ በመጀመሪያ የሚጠፋው ወሩ ነው። ስለዚህ በአንድ አጥቢያ ወርኃዊው በዓል በቅዳሴ መከበሩ የዚያ አጥቢያ ጤንነት ዋና ምልክት ነው።

የቋንቋውም ነገር ከዚህ አይለይም። በገጠሩ ያለው ምእመን አፍ የፈታው በአፋን ኦሮሞ ሆኖ ሳለ በወር አንድ ጊዜ ያገኘውን ስብከት በማይረዳው ቋንቋ ከሰማ ያቺ አንዲት ዕድል ታልፈዋለች። ከአካባቢው ተወልደው፣ በቋንቋው ተምረው የሚያስተምሩ ካህናትና ዲያቆናት ማፍራት አገልግሎቱን በቦታው የሚያጸና ነው። እንግዳ ሆኖ የመጣ አገልጋይ ደመወዙ ሲዘገይ ይሄዳል፤ ልጅነቱን በዚያው ያሳለፈ ግን ሥር አለው።

በለቀማ ወራት የሚመጡ እንግዶች

ቡና ሲደርስ ከሌላ አካባቢ ብዙ ለቃሚዎች ለሥራ ይመጣሉ። ከእነርሱ መካከል ኦርቶዶክሳውያን አሉ። አጥቢያቸውም የንስሐ አባታቸውም በሩቅ ነው። ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ቀን ስለሚገባ የጾሙ ወቅትና የለቀማው ወቅት ይገናኛሉ። ሌሊት ተነሥቶ ወደ እርሻ የሚወጣ ሰው ቅዳሴ አይደርስም፤ ክፍያው በኪሎ ስለሆነ ሰንበትንም ሊሠራ ይገደዳል። እነዚህ ሰዎች ለሦስት ወራት ያህል በአጥቢያው ክልል እየኖሩ የአጥቢያው መዝገብ ግን አያውቃቸውም።

የቡና እርሻ ያለው ክርስቲያን በዚህ ረገድ ድርብ ኃላፊነት አለበት። ሐዋርያው ያዕቆብ እርሻ ያጨዱ ሠራተኞች የተነፈጉት ደመወዝ ወደ ጌታ ጆሮ እንደሚጮህ አስተምሯል (ያዕ. 5፥4)። የለቃሚውን ሒሳብ በሰዓቱ መክፈል፣ ሰንበትን ማሳረፍና በወሩ በዓል ወደ ቤተ ክርስቲያን እንዲሄድ መፍቀድ ከአሥራት አስቀድሞ የሚመጣ የእምነት ፍሬ ነው። አጥቢያውም በእነዚያ ወራት ካህናቱን ወደ እርሻዎቹ ልኮ ንስሐ ቢቀበልና ቢያጽናና እንግዳን ተቀበለ ማለት ነው።

ምን ይደረግ?

አንደኛ፣ አሥራቱ በምርቱ ጊዜ ተሰብስቦ ለዓመቱ ሊከፋፈል ይገባል። ቅዱስ ጳውሎስ የቆሮንቶስ ምእመናን ስጦታቸውን እርሱ ሲመጣ ከመሰብሰብ ይልቅ አስቀድመው በየሳምንቱ እንዲያስቀምጡ መክሯል (1ኛ ቆሮ. 16፥2)። ዮሴፍም በጥጋቡ ዘመን ለረሃቡ አከማችቷል (ዘፍ. 41)። አባወራው በኅዳርና በታኅሣሥ አሥራቱን በገንዘብ ወይም በጀንፈል ቢሰጥ፣ ሰበካ ጉባኤውም ደረቅ መጋዘን አዘጋጅቶ ጀንፈሉን እንደ ገበያው ቢሸጥ፣ የነሐሴ መገበሪያና የክረምቱ ወራት ደመወዝ አስቀድሞ ይያዛል። በጀቱም የሁለት ዓመት አማካይ ምርትን መሠረት ቢያደርግ ዛፉ ሲያርፍ አገልግሎቱ አያርፍም።

ይህን አሠራር በቤተ ክርስቲያን የገበሬን ጆንያ መቁጠር ነው የሚል ሊኖር ይችላል። አሥራት በፈቃድና በደስታ የሚሰጥ መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን ፈቃደኛ ሰው የሚሰጠው ባለው ጊዜ ነው፤ በነሐሴ ከባዶ ቤት መለመን ሰጪውን ያሳፍራል፣ ካህኑንም ያዋርዳል። ምእመኑ በሙሉ ልቡ እንዲሰጥ ደግሞ ሒሳቡ በግልጽ ሊነገረው ይገባል። ስንት ኩንታል ገባ፣ በስንት ተሸጠ፣ ለምን ዋለ የሚለው በየወሩ በዓል ከቅዳሴ በኋላ በዐውደ ምሕረት ቢነገር ለብዙ ጥርጣሬ መድኃኒት ይሆናል። በብዙ ቦታ በዓመታዊው ንግሥ የሚሰበሰበው ገንዘብ ለሕንፃ ሲውል የአገልጋዩ ደመወዝ ወደ ኋላ ይቀራል። ያለ ቀዳሽ የሚቆም ሕንፃ ግን ዓላማውን አይፈጽምም።

ሁለተኛ፣ እያንዳንዱ የከተማ አጥቢያ አንድ የገጠር አጥቢያ ይያዝ። የአንዱ ትርፍ የሌላውን ጉድለት እንዲሞላ የሐዋርያው ትምህርት ነው (2ኛ ቆሮ. 8፥14)። እርዳታው ከገንዘብ በፊት በሰው ይጀመር። የጎደለውን ካህን ወይም ዲያቆን በወሩ በዓል ቀን መላክ የአምስቱን ልዑካን ቁጥር ይሞላል፤ ቅዳሴውም አይታጎልም። በጅማ ዩኒቨርሲቲ በግቢ ጉባኤ ከሚማሩት ወንድሞች መካከል ዲያቆናት አሉ፤ ከትምህርታቸው ጋር በማይጋጭ መልኩ ተራ ቢወጣላቸው ለገጠሩ ታላቅ ረድኤት ናቸው።

ሦስተኛ፣ የገጠሩ አጥቢያ ልጆች በአካባቢያቸው አብነት ትምህርት የሚማሩበት መንገድ ይመቻች። የከተማው አጥቢያ የሁለት ወይም የሦስት ተማሪዎችን ቀለብና ልብስ ቢሸፍን ከጥቂት ዓመታት በኋላ ያ የገጠር ቤተ ክርስቲያን የራሱ ቀዳሾች ይኖሩታል።

ይህ ሁሉ ከአጥቢያ አቅም በላይ የሆነ ሥራ አይደለም። የሚጠይቀው ሰበካ ጉባኤው ከለቀማው በፊት፣ በጥቅምት መግቢያ ተቀምጦ እንዲመክር፣ ምእመኑም የመጀመሪያውን ቡና ሲሸጥ የእግዚአብሔርን ድርሻ አስቀድሞ እንዲለይ ነው። ያን ካደረግን በመጪው ነሐሴ በጅማም ሆነ በዙሪያዋ ባሉ የገጠር አጥቢያዎች ሕፃናቱን ይዘው ለቁርባን የሚመጡ እናቶች በሩን ክፍት፣ ቀዳሾቹን በመቅደስ ያገኟቸዋል። የእመቤታችን አማላጅነት፣ የቅዱሳን ሁሉ ጸሎት አይለየን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።