ነጥብ የማያውቀው ተጫዋች

ነሐሴ 2008 ዓ.ም.፣ ድሬዳዋ። ከዚራ፣ ከዛፎቹ ጥላ ሥር ተቀምጠን የፋንታሲ ፕሪሚየር ሊግ ቡድናችንን እናዋቅር ነበር። ሕጉን ለማያውቅ አንባቢ፦ በ100 ሚሊዮን ፓውንድ የምናብ ገንዘብ 15 ተጫዋች ይመረጣል፤ ከአንድ ክለብ ከ3 በላይ አይወሰድም፤ ተጫዋቾቹ በእውነተኛው ሜዳ በሠሩት መጠን ነጥብ ይሰጣል። እኔ ንጎሎ ካንቴን አነሣሁ። ከሌስተር ወደ ቼልሲ ከተዛወረ ገና ብዙ አልቆየም። «አቦ ተወው!» አለኝ ወዳጄ፤ «ምን ነጥብ ሊያመጣ ነው?»

በጨዋታው ሕግ ከሄድን ወዳጄ አልተሳሳተም። አማካይ ጎል ሲያገባ 5 ነጥብ፣ ለጎል ሲያቀብል 3 ነጥብ ያገኛል። ካንቴ ደግሞ በዚያ የውድድር ዘመን በሊጉ ያገባው አንድ ጎል ብቻ ነው። ግንቦት 2009 ላይ ሒሳባችንን ስንዘጋ ወዳጄ በልጦኝ ተገኘ። ቼልሲ ግን ሻምፒዮን ሆነ፤ ካንቴም በተጫዋቾች ድምፅ የእንግሊዝ የዓመቱ ምርጥ ተባለ። ታዲያ የተሳሳተው ማን ነው? ሜዳ ላይ የተጋፉት ሰዎች ወይስ የእኛ ሰንጠረዥ?

ሰንጠረዡ ነው እላለሁ። ሌስተር ከካንቴ ጋር ሻምፒዮን ነበር፤ ካንቴ በሄደ በዓመቱ 12ኛ ሆነ። ቼልሲ ካንቴ ከመምጣቱ በፊት 10ኛ ነበር፤ በመጣ በዓመቱ ዋንጫውን ወሰደ። «አሰልጣኙም እኮ ተለውጦ ነበር» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ አንድ ሰው ብቻውን ዋንጫ አያነሣም። ነገር ግን በሁለት ተከታታይ ዓመታት፣ በሁለት ክለቦች፣ ሁለት ዋንጫ ያነሣን ሰው «ነጥብ የለውም» ብሎ የሚያልፍ ሚዛን፣ መጀመሪያ እርሱ ራሱ ይመዘን።

የጨዋታው ባለቤቶችም ጉድለቱን ዘግይተውም ቢሆን ዐውቀውታል። ከ2025/26 የውድድር ዘመን (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በአንድ ጨዋታ 12 ጊዜ ኳስ ለሚያስጥልና ለሚመልስ አማካይ 2 ነጥብ ይሰጣሉ። መልካም ነው። ይሁንና ለጎል ያቀበለውን ሰው ያቀበለው ተጫዋች ዛሬም ባዶ እጁን ነው።

ድሬ ለዚህ ትምህርት እንግዳ አይደለችም። በ1968 ዓ.ም. 10ኛው የአፍሪካ ዋንጫ በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ሲካሄድ፣ ዛየር፣ ሞሮኮ፣ ናይጄሪያና ሱዳን የተመደቡት እዚህ ነበር። በወረቀት ላይ የሚመርጥ ሰው ዛየርን ይመርጥ ነበር፤ በ1966 ዋንጫውን ወስዳለች፣ በዚያው ዓመት በዓለም ዋንጫ ተሰልፋለች። ዛየር ግን ከድሬ ሳታልፍ ቀረች፤ ዋንጫው የሞሮኮ ሆነ።

«ጨዋታ ነው፤ ምን ያንገበግብሃል?» ትሉኝ ይሆናል። የሚያንገበግበኝ ይህ ነው፦ ሚዛኑ ከስልካችን ወጥቶ ሰፈራችን ገብቷል። አመሻሽ ላይ አሸዋማው ሜዳ ላይ ቆሜ ሕፃናቱን አያለሁ። ሁሉም አግቢ መሆን ይሻል፤ ኳስ ነጥቆ ለጓደኛው የሚሰጠውን ልጅ «ጎበዝ!» የሚለው የለም። ያልተመሰገነ ልጅ ደግሞ ወይ ቦታውን ይለቃል፤ ወይ ሜዳውን።

እኛ የመጽሐፍ ወዳጆችስ ከዚህ ነፃ ነን? ልቦለድን በሚጠቀሱለት መስመሮች ብዛት የምንመዝን ስንቶች ነን! ያቺ የምትጠቀስ መስመር እንድታበራ ሃምሳ ገጽ ዝም ብሎ የተሸከማትን ትረካ ማን ያመሰግነዋል?

ስለዚህ፣ ወዳጄ ሆይ፣ ቡድንህን ስታዋቅር ነጥቡን ቁጠር፤ ሕጉ ነውና አልከለክልህም። ሰውን ለመመዘን ስትነሣ ግን «ስንት አገባ?» ከማለትህ በፊት «ቢወጣ ምን ይጎድላል?» ብለህ ጠይቅ። እኔ ያን ዓመት ተሸንፌያለሁ። ካንቴን በመምረጤ ግን ዛሬም አልጸጸትም።