በክርስትና ቀንና በፍትሐት መካከል

በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤት ያደገ ሰው ምን እንደሚያምን ሲጠየቅ መልሱ ከልጅነቱ ጀምሮ አፉ ላይ አለ። አምስቱ አዕማደ ምስጢር ይላል፤ ምስጢረ ሥላሴ፣ ምስጢረ ሥጋዌ፣ ምስጢረ ጥምቀት፣ ምስጢረ ቁርባን፣ ምስጢረ ትንሣኤ ሙታን። ሰንበት ትምህርት ቤት ያለፈበትማ ጥቅሱን ከነምዕራፉ ያወርደዋል። እኔም አምስቱንም አምናለሁ፤ ልኖርባቸውም ልሞትባቸውም። ዛሬ ልጽፍ የተነሣሁት ግን ስለ አራተኛው ነው፤ አራቱን ለራሳችን ይዘን ይህን አንዱን ለሕፃናትና ለአረጋውያን ትተንላቸዋልና።

እሑድ ጠዋት ቅዳሴው ወደ ማለቂያው ሲቃረብ ዙሪያውን የቃኘ ሰው የምለውን ያውቀዋል። ቃጭሉ ይሰማል፣ መጋረጃው ይገለጣል፣ ሥጋ ወደሙ ይወጣል። ወደፊት የሚጠጉት በዕለቱ የተጠመቁ ጨቅላዎች፣ እናቶቻቸው ያዘሏቸው ልጆች፣ መነኮሳይያት፣ ምርኩዛቸውን የያዙ አዛውንቶችና ጥቂት ወጣቶች ናቸው። ከሃያ እስከ ስልሳ ያለው ጎልማሳ ባለበት ይቆማል። ጾሟል፣ ከሌሊት ጀምሮ ቆሞ አስቀድሷል፣ ሰግዷል፣ ሙዳየ ምጽዋት ውስጥ ያቅሙን ጥሏል። ማዕዱ ሲቀርብ ግን ለሌሎች መንገድ ይለቅቃል። የሚቆርቡ ወጣቶች በየአጥቢያው ብቅ ብቅ ማለታቸው ደስ ያሰኘኛል፤ ሆኖም አሁንም ብዙው ሰው ከጥግ የሚያይ ነው።

ይህ ነገር የሚያስጨንቀኝ አምስቱ ምስጢራት እንዲሁ ጎን ለጎን የተቀመጡ ስላልሆኑ ነው። አንዱ ሌላውን ይጠራል። እግዚአብሔር አንድም ሦስትም ነው ስል፣ ፍጥረት ከመኖሩ በፊት በአብ፣ በወልድና በመንፈስ ቅዱስ ዘንድ ፍቅር ነበረ ማለቴ ነው። ያ ፍቅር ወደ እኛ ወርዶ ከድንግል ማርያም ሥጋን ነሣ። በ325 ዓ.ም. በኒቅያ የተሰበሰቡት 318ቱ ሊቃውንት በአርዮስ ላይ የጸኑትም ለዚህ ነው። ወልድ ፍጡር ከሆነ ፍጡር ፍጡርን አያድንም፤ ከአብ ጋር የተካከለ አምላክ ከሆነ ግን በበረት የተኛው፣ የተራበው፣ በመስቀል የሞተው ራሱ እግዚአብሔር ነው። እኔን ከዚህ እምነት ጋር ያሰረኝ ይህ ነው፤ አምላኬ ረኀብን በወሬ አያውቀውም።

አምላክ ሥጋ ከለበሰ እንግዲህ ጸጋውም በሚዳሰስ ነገር ቢመጣ አያስገርምም። በውኃ ይመጣል፣ በቅብዐ ሜሮን ይመጣል፣ በስንዴና በዘቢብ ይመጣል። ከቤተ ክርስቲያኑ በስተ ምሥራቅ ባለችው ቤተልሔም ውስጥ ዲያቆኑ ሌሊት ተነሥቶ ዱቄቱን ሲያቦካ፣ የተዘፈዘፈውን ዘቢብ ሲጨምቅ፣ እጁ ላይ ያለው ከገበያ የመጣ እህል ነው። ገበሬ አርሶታል፣ አንዲት ሴት በሰፌድ አበጥራዋለች፣ ወፍጮ ፈጭቶታል። ጥቂት ሰዓት ቆይቶ ያው ኅብስት በጻሕል፣ ያው ወይን በጽዋ ሆኖ አምስት ልዑካን ሲቀድሱበት የክርስቶስ እውነተኛ ሥጋና እውነተኛ ደም ይሆናል ብለን እናምናለን። ካህኑ ሥጋውን በእጁ፣ ዲያቆኑ ደሙን በዕርፈ መስቀል ያቀብላሉ። ቆራቢው አፉን በነጠላው ይሸፍናል፣ ጠበል ይጠጣል። ሃይማኖቴ ከዚህ የበለጠ ወደ እኔ የሚቀርብበት ስፍራ የለም።

ጸሎተ ሃይማኖትን በቅዳሴ ላይ ሁላችንም በአንድ ድምፅ እንደግመዋለን፤ መዝጊያው የሙታን ትንሣኤና የሚመጣው ሕይወት ተስፋ ነው። ነገር ግን በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 6 ጌታ በመጨረሻው ቀን ማስነሣቱን የተናገረው ሥጋውን ከመብላትና ደሙን ከመጠጣት ጋር አያይዞ ነው። ያን ቀን ንግግሩ ከበዳቸውና ከደቀ መዛሙርቱ ብዙዎች ትተውት ሄዱ። እርሱ ቃሉን አላለዘበም፤ አሥራ ሁለቱንም እናንተስ ልትሄዱ ትወዳላችሁን ብሎ ጠየቃቸው። አራተኛውን ምስጢር ወደ ጎን ብለን አምስተኛውን ተስፋ ስናደርግ፣ ትንሣኤያችንን በምን ላይ እንዳቆምነው ራሳችንን ልንጠይቅ ይገባል።

የአንድ ምእመን ዕድሜ ሲታይ ደግሞ እንዲህ ነው። ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ክርስትና ይነሣሉ፤ በዚያው ዕለት ሜሮን ተቀብተው ይቆርባሉ። በልጅነት በተለይ በፍልሰታ፣ ከነሐሴ 1 እስከ 15፣ ልጆች በጭቃው መካከል ነጭ ለብሰው ይጎርፋሉ። በጾም ቀን ቅዳሴው የሚገባው በቀትር ግድም ስለሆነ የስድስትና የሰባት ዓመት ልጅ ሆዱን ይዞ ይጠብቃል፤ ውኃ እንኳ አይቀምስም። የአሥራዎቹ ዕድሜ ሲገባ ይቀራል። ትምህርት፣ ሥራ፣ ትዳር፣ ልጅ፣ ቤት ይመጣሉ። ከዚያ የሚያስታውሰው ከወገቡ ሲጎብጥ ነው፤ ያን ካላደረሰው ካህኑ በሬሳው ላይ ፍትሐት ያደርሳሉ። በክርስትናው ቀንና በፍትሐቱ መካከል አርባ አምሳ ዓመት ያለ ማዕድ ያልፋል።

ሰዉ የሚርቀው ንቆ አይደለም፤ ፈርቶ ነው። ፍርሃቱም መሠረት አለው። ቅዳሴው ላይ ካህኑ እጃቸውን ታጥበው ወደ ሕዝቡ ዞረው ያስጠነቅቃሉ፤ ንጹሕ ያልሆነ እንዳይደፍር። ይህን ቃል ቆሞ የሰማ ሰው ልቡ ቢርድ ተገቢ ነው፤ እኔም ያ ፍርሃት ከምእመኑ ልብ እንዲጠፋ አልሻም። የምከራከረው መጨረሻው የት እንደሆነ ነው። ቅዱስ ጳውሎስ ሳይገባው ስለሚበላ ሰው ለቆሮንቶስ ሰዎች ሲጽፍ፣ በከተማይቱ ያለው ቀድሞ እየበላ ይሰክር፣ የሌለው ደግሞ እየተራበ ያይ ነበር። ሐዋርያው የተቆጣው በዚህ ነው፤ የጌታን ማዕድ እየበሉ ድኻውን ወንድም ማሳፈራቸው። መድኃኒቱንም አብሮ ጻፈ፤ ሰው ራሱን ይመርምር፣ እንዲሁም ይብላ አለ። እኛ የመጀመሪያውን ይዘን ሁለተኛውን ጣልነው። ራሱን ከመረመረ በኋላ እቤቱ የተቀመጠ ሰው የሐዋርያውን ምክር ግማሹን ብቻ ነው የፈጸመው።

ይህ የዛሬ ችግር ብቻም አይደለም። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ ዮሐንስ አፈወርቅ የኤፌሶንን መልእክት ሲተረጉም፣ ዕለት ዕለት መሥዋዕቱ እየቀረበ የሚካፈል ሰው አለመገኘቱን እያዘነ ሰብኳል። ለመቀበል አልበቃሁም ለሚለው የመለሰለት መልስ ከባድ ነው፤ እንግዲያስ አብሮ ለመጸለይም አልበቃህም አለው። ይህን ያለው ሊያባርር ሳይሆን ወደ ንስሐ ሊገፋ መሆኑ ስብከቱን ላነበበ ግልጽ ነው።

በእኛ አገር ደግሞ ትልቁ መሰናክል ትዳር ሆኖ ኖሯል። በቁርባን የተጋባ አይፋታም፤ ስለዚህ አባቶቻችን በሰማንያ ተጋብተው ልጅ ወልደው፣ ጠባይ ለጠባይ ተዋውቀው፣ የመለያየት ስጋት ሲያልፍ በስተርጅና ይቆርቡ ነበር። አያቶቼም እንዲሁ አደረጉ። ወንዱ አያቴ ለመቁረብ በቆረጡበት ዓመት በድንበር ከተካሰሷቸው ጎረቤት ጋር መታረቅ ነበረባቸው፤ የንስሐ አባታቸው ያለዚያ አይሆንም ብለዋቸዋል። ከዘራቸውን ይዘው፣ ሴቷን አያቴን አስከትለው፣ ሰውየው ደጃፍ ድረስ ሄዱ። ያከራከራቸው መሬት አንድ ጥማድ እንኳ አይሞላም። ሰውየው ከደጅ ወጥተው ሲያዩዋቸው መጀመሪያ ለጠብ የመጡ መስሏቸው ነበር ይባላል። ሁለቱም ሽማግሌዎች እየተላቀሱ ታረቁ፣ ጠላ ተቀዳ። ቤተሰባችን ይህን ታሪክ በኩራት ነው የሚያወራው፤ እኔም እኮራበታለሁ። ግን ደግሞ የሁለቱ ቤት ልጆች በዚያ ሁሉ ዘመን አንድ ምንጭ እየቀዱ አይነጋገሩም ነበር። በግ ሲጠፋ እርስ በርስ ይጠራጠሩ፣ ሰርግ ሲኖር አይጠራሩ ነበር። ዕርቁ የመጣው ልጆቹ አድገው ከተበታተኑ በኋላ ነው።

የምለው ይኸው ነው። ሥጋ ወደሙን ወደ እርጅና የሚያዘገይ ሰው፣ ከዚያ በፊት መሟላት ያለበትን ዕርቅ፣ መመለስ ያለበትን የሰው ገንዘብ፣ መቆም ያለበትን ውሸት ሁሉ አብሮ ያዘገያል። ወንጌል መባህን ከማቅረብህ በፊት ሄደህ ከወንድምህ ታረቅ ይላል። ይህ ትእዛዝ ለጎልማሳው ይበልጥ ያስፈልገዋል። ሚዛን የያዘው እሱ ነው፤ የሠራተኛ ደመወዝ የሚከፍለው እሱ ነው፤ ፊርማው ሰውን የሚያስገባና የሚያስወጣ እሱ ነው፤ ሚስቱን የሚያከብር ወይም የሚያስለቅስ፣ ልጁን የሚያሳድግ ወይም የሚሸሽ እሱ ነው። ሰባ ዓመት የሞላው አዛውንት ከብዙው ኃጢአት ጉልበቱ ራሱ አሳርፎታል። ክርስቶስ በሥጋው የሚያገኘን ኃይላችን ሳለ ቢሆን አገሩም መንደሩም ሌላ መልክ ይኖረው ነበር ብዬ አምናለሁ።

ሌላም የሚያስፈራ አለ፤ የሰው ዓይን። አንድ ሰው መቁረብ ሲጀምር መንደሩ ስም ያወጣለታል፤ ቆራቢ ይባላል። ከዚያ ወዲያ ሲቆጣ፣ ሲሳሳት፣ ልቅሶ ቤት ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ቆራቢ ሆኖ እንዲህ ያደርጋል ይሉታል። ብዙ ጎልማሳ የሚሸሸው ይህን ፍርድ ነው። ይህን የምንል ሁላችን ልናስተውል ይገባል። ክርስቶስ በማዕድ ከቀራጮችና ከኃጢአተኞች ጋር ተቀምጦ በታየ ጊዜ ያጉረመረሙት ፈሪሳውያን ነበሩ፤ መልሱም ሐኪም የሚያስፈልገው ለታመመ ነው የሚል ነበር። መቁረብ የብቃት ሽልማት አይደለም። የሚቆርብ ሰው ኃጢአቱን ለካህን ተናግሮ፣ ቀኖናውን ፈጽሞ፣ 18 ሰዓት ጾሞ፣ ምሕረት ለምኖ የቀረበ ሰው ነው። ጎረቤቱ ሊያግዘው እንጂ ሊሰልለው አይገባም።

አባቶችንም በትሕትና የምለምናቸው አለ። የንስሐ አባት በብዙ ቤት በበዓል መጥተው ጠበል የሚረጩ፣ በተዝካር የሚቀመጡ፣ በሞት ጊዜ የሚጠሩ ሆነዋል። ቤተሰቡ ያከብራቸዋል፣ ያበላቸዋል፣ ይሳለማቸዋል፤ ነገር ግን ባልየው ቁጭ ብሎ ያለበትን የሚነግርበት ሰዓት የለም። መስቀል ተሳልሞ እግዚአብሔር ይፍታህ ተብሎ ይሸኛል። አባቶች ሆይ፣ ልጆቻችሁን ጠይቁን። መቼ ነው የምትቆርበው በሉን። በሰማንያ ተጋብተን ልጆች ላፈራን ባልና ሚስት በንስሐ ተመልሰን አብረን ቆርበን ትዳራችንን የምናጸናበት ሥርዓት እንዳለ ከዐውደ ምሕረቱ ንገሩን፤ ተክሊል ለደናግል ስለሆነ በሩ ለሁላችንም ተዘግቷል ብለው የቀሩ ብዙዎች ናቸው። በሩ አልተዘጋም።

ከሁሉ ይልቅ በብዛት የምሰማው ጥያቄ ግን የመጨረሻው ነው። ቆርቤ ብወድቅስ ይሉኛል፤ ያን ጊዜ ፍርዱ አይብስም ወይ? ይህን የሚጠይቅ ሰው ነገሩን አክብሮት ነው፤ ስለዚህ በቁም ነገር ልመልስለት። ጴጥሮስ ከመጀመሪያው ማዕድ በተነሣበት ሌሊት ነው ጌታውን ሦስት ጊዜ የካደው። አለቀሰ፣ ተመለሰ፣ ከትንሣኤም በኋላ በጎች ተሰጡት። ጥምቀት አንድ ናት፣ አትደገምም። ንስሐና ቁርባን ግን ይደገማሉ፤ ቤተ ክርስቲያን ቅዳሴውን በየሰንበቱ የምታቆመው፣ ማዕዱንም ደግማ ደግማ የምትዘረጋው፣ በመካከሉ የወደቀ እንደሚኖር አውቃ ነው።